የፀሐይ ብርሃን ስንት ይመዝናል? ስለ ብርሃን ግፊት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክብደቶቹ በሙሉ በመሬት ስበት የተተመኑ ናቸው፤ ዓመቶቹ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የፀሐይ ብርሃን በእርግጥ ይገፋል?

አዎ፣ ያረፈበትን ነገር ሁሉ ይገፋል፦ ግድግዳውን፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ፣ መንገድ ዳር የቆመውን ሰው። ይህ ግፊት ከሙቀቱ የተለየ ነው። ሙቀቱን ቆዳችን ወዲያው ያውቀዋል፤ ግፊቱ ግን እጅግ ትንሽ ስለሆነ የሰው አካል ሊሰማው አይችልም።

በክብደት ቢተመን ስንት ይሆናል?

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ጥቁር ጨርቅ መሬት ላይ ተዘርግቷል እንበል፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ የቀትር ፀሐይም አናቱ ላይ ናት። ብርሃኑ ጨርቁን ወደ ታች የሚጫነው 0.34 ሚሊግራም የሚመዝን ነገር በሚጫነው ልክ ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊግራም ትመዝናለች። ስለዚህ በቃል የሚያዘው ልክ ይህ ነው፦ የቀትር ፀሐይ በካሬ ሜትር አንድ ጤፍ።

ፍሬዋን መዳፋችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ዓይናችሁን ብትጨፍኑ መኖሯን አታውቁም። የብርሃኑ ጫና ደግሞ እንደ ፍሬዋ አንድ ቦታ ላይ የተሰበሰበ አይደለም። ያቺን አንድ ፍሬ ፈጭታችሁ ዱቄቷን በካሬ ሜትሩ ላይ እኩል ብትነሰንሱት ነው የሚመስለው።

አንዱ ቦታ 3.3፣ ሌላው 4.5፣ ሌላው 9 ይላል። ትክክሉ የቱ ነው?

ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለያዩት ቦታውና ብርሃኑ የሚያርፍበት ነገር ነው። ቁጥሮቹ የፓስካል ሚሊዮንኛዎች ናቸው። አንድ ፓስካል ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የተዘረጋ የአንድ ኒውተን ጉልበት ነው፤ አንድ ኒውተን ደግሞ 102 ግራም የሚመዝን ዕቃ የሚጫነውን ያህል ነው። ግፊቱን ለማግኘት በካሬ ሜትር የሚደርሰውን ብርሃን በዋት ይወስዱና ለብርሃን ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ 300 ሚሊዮን ሜትር ገደማ፣ ያካፍሉታል። ከከባቢ አየር በላይ ብርሃኑ በካሬ ሜትር 1,361 ዋት ስለሆነ ውጤቱ 4.5 ይሆናል። መሬት ላይ ግን አየሩ ከፊሉን ስለሚያስቀር በጠራ ቀን 1,000 ዋት ገደማ ይደርሳል፤ እሱ ሲካፈል 3.3 ይመጣል።

9 የሚመጣው ከመስታወት ነው። ጥቁር ነገር ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። መስታወት ግን ይቀበልና መልሶ ይወረውረዋል፤ ሲመልሰው ሁለተኛ ጊዜ ይገፋል። ጭቃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲቀርና ኳስ ነጥሮ ሲመለስ ያለው ልዩነት ይህ ነው። ስለዚህ ጥሩ መስታወት የጥቁሩን እጥፍ ይገፋል፦ በጠፈር 9.1፣ መሬት ላይ 6.7። ነጭ ወረቀትና ነጭ ቀለም ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑት በመካከል ይቀራሉ።

በብዛት የሚታየው ስህተት የጠፈሩን 9 ወስዶ መሬት ላይ ላለ ጥቁር ጣራ መጠቀም ነው፤ ውጤቱን ወደ ሦስት እጥፍ ያጋንነዋል። ለፈጣን ስሌት ለእያንዳንዱ 1,000 ዋት የተዋጠ ብርሃን 0.34 ሚሊግራም፣ ከመስታወት ለተመለሰ ደግሞ 0.68 ሚሊግራም ብላችሁ ያዙ።

ፀሐይ ስታዘነብልስ?

ሁለት ነገር ይቀንሳል። አንደኛ፣ ያው ጨርቅ የሚይዘው የብርሃን መጠን ያንሳል። ሁለተኛ፣ ግፊቱ የሚሄደው ጨረሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ስለሆነ ወደ ታች የሚጫነው ከፊሉ ብቻ ነው። ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ላይ ስትሆን በሁለቱም ግማሽ ይጎድላል፤ ወደ ታች የሚጫነው ሩብ ጤፍ ብቻ ይቀራል። ጨረሩ ረጅም አየር ማቋረጡ ሲጨመር ከሩብም ያንሳል።

የሙሉ ጤፍ ስሌት የሚሠራው ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 5 አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ነው። ሁለተኛው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስለሚውል ብዙ ጊዜ የክረምቱ ደመና ይሸፍነዋል።

ስፋቱ ሲጨምርስ? በጣራ፣ በሜዳ፣ በከተማ?

100 ካሬ ሜትር የሆነ አዲስ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ጣራ ከሚያርፍበት ብርሃን 70 ከመቶውን ቢመልስ፣ ፀሐይዋ የምትጫነው 58 ሚሊግራም ገደማ ነው። በቆንጥር የሚነሳ ጤፍ ማለት ነው። የቆርቆሮው የራሱ ክብደት ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ከሆነ በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ስለሚያልፍ፣ ከ300 ኪሎ በላይ ላይ 0.058 ግራም ተጨመረ እንደማለት ነው። ቀትር ላይ ጣራው የሚንጣጣው ብረቱ በሙቀት ስለሚለጠጥ ነው፤ የብርሃኑ ጫና ለዚያ ምንም አስተዋፅኦ የለውም።

105 በ68 ሜትር የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ ብርሃኑን በሙሉ ቢውጥ 2.4 ግራም ይሆናል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አይሞላም። አዲስ አበባ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አላት። ከተማዋ በሙሉ በጠራ ቀትር የሚያርፍባት ብርሃን ቢዋጥ ጫናው 180 ኪሎ ያህል ነው፤ ሁለት ኩንታል እንኳ አይሞላም። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋው ጣና ሐይቅ ላይ አሥር ኩንታል ገደማ ይሆናል። ይህ የሐይቁን ውሃ በሙሉ የሚያሞቀው፣ በየቀኑም ብዙ ውሃ ወደ ሰማይ የሚያተንነው ያው ብርሃን ነው። ኃይሉ ግዙፍ፣ ግፊያው ኢምንት የሆነበት ምክንያት ለብርሃን ፍጥነት መካፈሉ ነው።

"ፀሐይ መታኝ" ስንል ይህ ግፊት ነው የሚመታን?

አይደለም። የቆመ ሰው ለፀሐይ የሚያጋልጠው ስፋት ግማሽ ካሬ ሜትር ነው ብንል የሚገፋው በግማሽ ጤፍ ክብደት፣ 0.17 ሚሊግራም ነው። 12 ሚሊግራም ገደማ የምትመዝን የቤት ዝንብ ትከሻው ላይ ብታርፍ ከዚያ 70 ጊዜ አብልጣ ትጫነዋለች። ራስ የሚያዞረውና የሚያደክመው ሰውነት የሚውጠው ሙቀት፣ በላብ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፤ ቆዳን የሚያቃጥለው ደግሞ የጨረሩ አልትራቫዮሌት ክፍል ነው። ጥላና ውሃ የሚረዱትም ለዚህ ነው።

ከአየር ግፊትና ከነፋስ ጋር ሲነጻጸርስ?

አዲስ አበባ ባለችበት ከፍታ አየሩ በካሬ ሜትር 77,000 ፓስካል ገደማ ይጫናል፤ ይህም በካሬ ሜትር 78 ኩንታል ነው። የቀትር ብርሃን ከዚህ በ23 ቢሊዮን እጥፍ ያንሳል። ነፋስ ይሻላል ብላችሁ ብታስቡ፣ የብርሃኑን ያህል ለመግፋት አየሩ በሴኮንድ 2.7 ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ ይበቃል። በሰዓት አሥር ሜትር እንኳ የማይጓዝ አየር ነው፤ የዕጣን ጭስ ቀጥ ብሎ የሚወጣበት ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥም ከዚህ የፈጠነ እንቅስቃሴ አለ።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚደንቀው የወረቀት ንጽጽር ነው። ተራ የማተሚያ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚጫነው ግፊት 0.8 ፓስካል ገደማ ነው። የቀትር ብርሃን ከዚህ በ235,000 እጥፍ ያንሳል። ወደ ፀሐይ ገጽ ራሱ ብንቀርብ እንኳ፣ በካሬ ሜትር 63 ሚሊዮን ዋት በሚወጣበት ቦታ፣ ብርሃኑ በየአቅጣጫው አዘንብሎ ስለሚወጣ ከፈጣኑ ስሌት ያንስና፣ ጥቁር ነገርን የሚገፋው በካሬ ሜትር 15 ግራም ገደማ በሆነ ክብደት ነው። ብረት የሚያተንነው የፀሐይ ገጽ ብርሃን ጫናው ከአንድ ወረቀት ጫና አንድ አምስተኛ አይሞላም።

ብርሃን ቁስ አካል ካልሆነ እንዴት ሊገፋ ይችላል?

መግፋት የሚችለው ሞመንተም ያለው ነገር ነው። ለድንጋይና ለኳስ ሞመንተም ማለት መጠነ ቁስ ሲባዛ በፍጥነት ነው፤ ከትምህርት ቤት የምናስታውሰው ይህንን ስለሆነ መጠነ ቁስ የሌለው ነገር ሞመንተም የሌለው ይመስለናል። ብርሃን ግን ኃይል ይሸከማል፤ የተሸከመው ኃይል ለብርሃን ፍጥነት ሲካፈል ሞመንተሙ ይገኛል። ይህንን የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1873 ከኤሌክትሪክና ከማግኔት ሕጎች አውጥቶ፣ የፀሐይ ብርሃን ስንት መግፋት እንዳለበት በቁጥር ጽፎ ነበር። በ1876 ጣልያናዊው አዶልፎ ባርቶሊ በሙቀት ሕጎች በኩል ሄዶ እዚያው ደረሰ።

ብርሃን የሚያመነጭ ነገርም እንደ ተተኮሰ ጠመንጃ ወደ ኋላ ይገፋል። የስልክ ባትሪ ግማሽ ዋት ብርሃን ቢያወጣ ስልኩ ወደ እጃችሁ የሚገፋው በ0.00017 ሚሊግራም ክብደት ነው፤ አንድ ጤፍ ለ2,000 ያህል ሲከፈል የአንዱ ድርሻ ማለት ነው።

ቤት ወይም ላቦራቶሪ ውስጥ በሚዛን ላይ ማየት ይቻላል?

በተራ ሚዛን አይቻልም፤ ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስታወት ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ የቀትር ፀሐይ ብትለቁበት መጨመር ያለበት 0.007 ሚሊግራም ገደማ ነው። ጥሩ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሚዛን የሚያነበው እስከ 0.1 ሚሊግራም ነው። እስከ 0.001 ሚሊግራም የሚያነቡ ሚዛኖች አሉ፤ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሲታይ የሚበቁ ይመስላል።

ሙከራውን የሚያበላሸው አየሩ ነው። ብርሃኑ መስታወቱን ያሞቀዋል፣ መስታወቱ ደግሞ ላዩ ያለውን አየር ያሞቃል። ከአንድ የቡና ስኒ እምብዛም የማይበልጥ አየር፣ 100 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ዲግሪ ቢሞቅ ክብደቱ በ0.3 ሚሊግራም ይለወጣል፤ ይህ ከምንፈልገው ግፊት 40 ጊዜ ይበልጣል። ሞቃቱ አየር ሲወጣም ሳህኑን ይዞ ሊያነሳ ስለሚችል ሚዛኑ ቀለለ ብሎ ያነባል፤ ብርሃኑ ደግሞ ማክበድ ነበረበት። በዚያ ላይ መስታወቱ ላይ ያለ እርጥበት ሲተን፣ የጣት አሻራ የተወው ቅባት፣ በማጽዳት ጊዜ የተፈጠረ ኤሌክትሪክ፣ እያንዳንዳቸው ከብርሃኑ የበለጠ ቁጥር ያሳያሉ። ስለዚህ በሚዛን አየሁት የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ጠይቁት፦ አየሩ ወጥቶለት ነበር?

በመስታወት አምፖል ውስጥ ፀሐይ ሲነካው የሚሽከረከረው መሣሪያስ ይህንን አያሳይም?

አያሳይም፤ ይህ ግን በጣም የተስፋፋ ስህተት ነው። የክሩክስ ራዲዮሜትር ይባላል፤ ዊልያም ክሩክስ በ1870ዎቹ የሠራው ነው። አንድ ጎናቸው ጥቁር፣ ሌላው ብሩህ የሆነ አራት ቀጫጭን ክንፎች በመርፌ ጫፍ ላይ ይሽከረከራሉ። አቅጣጫውን ልብ ብላችሁ እዩት። የብርሃን ግፊት ቢሆን ኖሮ ብሩሁ ጎን እጥፍ ስለሚገፋ ብሩሁ ወደ ኋላ መሸሽ ነበረበት። የሚሸሸው ግን ጥቁሩ ነው።

የሚያሽከረክረው አምፖሉ ውስጥ የቀረው ጥቂት አየር ነው። ጥቁሩ ጎን ስለሚሞቅ በክንፎቹ ጠርዝ በኩል አየሩ ከቀዝቃዛው ወደ ሞቃቱ ጎን ይንሸራተታል፣ ክንፉም በተቃራኒው ይገፋል። አየሩ ጨርሶ ከወጣ መሣሪያው ይቆማል፤ አየር ሲበዛበትም ይቆማል።

ታዲያ መጀመሪያ በትክክል የለካው ማን ነው?

ሩሲያዊው ፒዮትር ሌቤዴቭ ነው፤ ውጤቱን በ1900 ፓሪስ ላይ አቅርቦ በ1901 አሳተመ። ሊያሸንፈው የሚገባው ያንኑ የራዲዮሜትር አየር ነበር። አየሩን አስወጣ፣ ክንፎቹን ሁለቱ ጎኖች እኩል እንዲሞቁ በጣም ቀጭን ብረት አደረጋቸው፣ ብርሃኑንም በመስታወቶች እያዞረ አንድ ጊዜ ከፊት አንድ ጊዜ ከኋላ ለቀቀባቸው። ከሙቀት የሚመጣው ስህተት በዚህ ተጣፋ። ክንፎቹ በቀጭን ክር ተንጠልጥለው ስለነበር ግፊቱ ክሩን ምን ያህል እንደጠመዘዘው ታየ።

በእነዚያው ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ኧርነስት ኒኮልስና ጎርደን ሃል ተመሳሳይ ሙከራ ሠርተው በ1903 ከስሌቱ ጋር እጅግ የተቀራረበ ውጤት አገኙ።

ብርሃኑን በማጉያ መስታወት ወይም በሌዘር ባሰባስበው አይጠነክርም?

ግፊቱ ይጨምራል፤ ጠቅላላው ጉልበት ግን አይጨምርም። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማጉያ መስታወት የፀሐይን ብርሃን 2 ሚሊ ሜትር ነጥብ ላይ ሲሰበስብ ግፊቱ በ2,500 እጥፍ ያድጋል፤ ወረቀቱም ይጨሳል። ነጥቡ ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ጫና ግን ያው ማጉያው የያዘው 0.0027 ሚሊግራም ነው። ወረቀት ያቃጠለ ብርሃን የጤፍ አንድ መቶኛ ያህል ብቻ ነው የሚገፋው።

ጉልበት ለመጨመር ያለው መንገድ ብዙ ዋት ማምጣት ነው። በታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተተከለው 5,150 ሜጋ ዋት በሙሉ ወደ አንድ የብርሃን ጨረር ተለውጦ ከሥር ወደ ላይ ፍጹም መስታወት ላይ ቢለቀቅ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሊቆይ የሚችለው መስታወት 3.5 ኪሎ የሚመዝን ነው። ለጥቃቅን ነገሮች ግን ጥቂት ዋት ይበቃል። አርተር አሽኪን በ1971 ከሥራ ባልደረባው ጋር ሩብ ዋት በሆነ ሌዘር 20 ማይክሮ ሜትር የምትሆን የብርጭቆ ቅንጣት አየር ላይ አንጠልጥሎ አቆየ፤ በዚህ መንገድ የጀመረው ሥራ ሕዋሳትን በብርሃን መቆንጠጥ ላይ ደርሶ በ2018 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። በተቃራኒውም ይሠራል፦ የአሜሪካው የመለኪያ ተቋም ኒስት የኃይለኛ ሌዘሮችን ዋት የሚለካበት አንዱ መንገድ ጨረሩን መስታወት ላይ አሳርፎ መስታወቱን መመዘን ነው። 10 ኪሎ ዋት ሌዘር 6.8 ሚሊግራም ይመዝናል።

የፀሐይ ነፋስ የሚባለው ይኸው ነው?

አይደለም። የፀሐይ ነፋስ ከፀሐይ የሚፈልቁ የቁስ ቅንጣቶች፣ በዋናነት ፕሮቶኖችና ኤሌክትሮኖች፣ ጅረት ነው። ግፊቱ በምድር አካባቢ የፓስካል ቢሊዮንኛዎች ስለሆነ ከብርሃኑ በሺህዎች እጥፍ ያንሳል። የፀሐይ ሸራ፣ ማለትም መንኮራኩርን በብርሃን ግፊት ለመንዳት የሚዘረጋ ሰፊና ስስ መስታወት መሰል ጨርቅ፣ የሚገፋው በብርሃኑ ነው፤ "ሸራ" የሚለው ስም ነፋስን ስለሚያስታውስ ነው ሰው የሚሳሳተው።

ሁለቱን ለይቶ ለማየት ባለ ጅራት ኮከብ ጥሩ ነው። ብዙዎቹ ሁለት ጅራት አላቸው፦ ቀጥ ያለው ሰማያዊ ጅራት በፀሐይ ነፋስ የተወሰደ ጋዝ ነው፤ ሰፋ ብሎ የሚታጠፈው ነጣ ያለው ጅራት በብርሃን የተገፋ አቧራ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር ጅራቱ ሁልጊዜ ከፀሐይ የሚሸሸው ጨረሮቿ ስለሚገፉት ነው ብሎ በ1619 ጽፏል።

አንድ ጤፍ የሚያህል ግፊት መንኮራኩር ሊነዳ ይችላል?

ይችላል፤ ተደርጓልም። የጃፓኑ የጠፈር ድርጅት ጃክሳ በግንቦት 2010 ያመጠቀው ኢካሮስ 14 በ14 ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 7.5 ማይክሮ ሜትር ብቻ የሆነ ሸራ ነበረው። ሸራው የተዘረጋው መንኮራኩሩ እየተሽከረከረ፣ ማዕዘኖቹ ላይ የታሰሩት ክብደቶች ወደ ውጭ እየጎተቱት ነው። የተለካው ግፊያ 1.12 ሚሊ ኒውተን ነበር፤ 0.11 ግራም፣ ማለትም 350 ያህል የጤፍ ፍሬ። 310 ኪሎ የሚመዝነውን መንኮራኩር በአንድ ቀን ፍጥነቱን በሰዓት 1.1 ኪሎ ሜትር ብቻ ይለውጠዋል። ነገር ግን ነዳጅ አያልቅበትም፣ የሚያቆመው አየርም የለም። ኢካሮስ በታኅሣሥ 2010 ቬነስ አጠገብ አለፈ።

በ2019 የመጠቀው ላይትሴይል 2 ክብደቱ 5 ኪሎ ብቻ፣ ሸራው 32 ካሬ ሜትር ነበር። የሚገፋው 30 ሚሊግራም ያህል ነው። ሳይቋረጥ ለአንድ ወር ቢበራለት ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 549 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ልዩነቱን ያመጣው የሸራው መስፋት አይደለም፣ ክብደት ለስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ማነሱ ነው።

ብርሃኑ ከፀሐይ ወደ ውጭ ብቻ የሚገፋ ከሆነ ሸራ እንዴት ወደ ፀሐይ ይሄዳል?

መንኮራኩሩ ቆሞ አይደለም፤ እንደ ምድር ፀሐይን እየዞረ ነው፣ የሚይዘውም የዙረቱ ፍጥነት ነው። መስታወት ሸራ የሚገፋው ከገጹ በቀጥታ ወደ ኋላ ስለሆነ፣ ሸራውን አዘንብሎ ግፊያውን በዙረቱ አቅጣጫ ወይም በተቃራኒው ማዞር ይቻላል። በተቃራኒው ሲገፋ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የፀሐይ ስበትም እየጎተተ ወደ ውስጥ ያወርደዋል። በዙረቱ አቅጣጫ ሲገፋ ወደ ውጭ ይወጣል። ማዘንበሉ ዋጋ አለው፦ በ60 ዲግሪ ሲያዘነብል ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለጎን ግፊያ በጣም የሚጠቅመው 35 ዲግሪ ገደማ ነው።

ሸራ የሌላቸው ሳተላይቶችም ይነካሉ?

ይነካሉ፤ ካልተቆጠረ ጣጣ ያመጣል። ለጂፒኤስ ሳተላይቶች ከስበት ቀጥሎ ትልቁ ጉልበት የፀሐይ ብርሃን ነው። ለአንድ ቀን ብቻ ከስሌት ቢወጣ የሳተላይቱ ቦታ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ሊሳት ይችላል፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ የሚሠራው ይህች የጤፍ ክብደት በየቀኑ ስለምትታሰብ ነው። በ2019 የመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነበር። ለብርሃን የምታጋልጠው 1 ካሬ ሜትር ነው ብንል ከ0.5 እስከ 0.9 ሚሊግራም ያህል ትገፋለች ማለት ነው። እሷ ባለችበት ከፍታ ግን ስስ የሆነው የከባቢ አየር ሰበቃም ሊናቅ አይችልም።

ግፊቱ ከመሃል ፈቀቅ ብሎ ካረፈ ሳተላይቱን ቀስ በቀስ ያዞረዋል። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ሰፊ የፀሐይ ከለላ እጅግ ቢበዛ በሩብ ግራም ያህል ይገፋል፤ ያንን ለማመጣጠን ከኋላው የተለየ ክንፍ ተገጥሞለታል። በኬፕለር ቴሌስኮፕ ላይ ደግሞ ችግሩ መፍትሔ ሆነ። በግንቦት 2013 ከአራቱ አቅጣጫ ማስተካከያ ጎማዎቹ ሁለተኛው ሲበላሽ ሥራው ያበቃ መስሎ ነበር። መሐንዲሶቹ ቴሌስኮፑን ብርሃኑ በሁለቱ ጎን እኩል እንዲገፋው አድርገው አቆሙት፤ በዚህ መንገድ እስከ 2018 ድረስ ሌሎች ፕላኔቶችን ሲፈልግ ቆየ።

ምድር ራሷ ከፀሐይ እየተገፋች እየራቀች ነው?

በምድር ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ግፊያ 580 ሚሊዮን ኒውተን ገደማ ነው፤ 590,000 ኩንታል። ትልቅ ይመስላል፤ የፀሐይ ስበት ግን ከዚህ በ60 ትሪሊዮን እጥፍ ይበልጣል። ደግሞም ግፊያው አይጠራቀምም። ብርሃኑም ስበቱም ርቀት እጥፍ ሲሆን በአራት እጥፍ ስለሚቀንሱ፣ ብርሃኑ የሚያደርገው የፀሐይን ስበት በዚያች ኢምንት ክፍል ማላላት ብቻ ነው።

ብርሃኑ ከፀሐይ ስበት የሚበልጥበት ነገር አለ?

አለ፤ አቧራ። አንድን ድንጋይ እየፈጩ ሲያደቁት ክብደቱ ከገጹ ይልቅ ቶሎ ይቀንሳል፦ የቅንጣቷ ስፋት በአሥር እጥፍ ሲያንስ ብርሃን የሚያርፍበት ገጽ በመቶ፣ ክብደቷ ግን በሺህ እጥፍ ያንሳል። ስፋቷ ግማሽ ማይክሮ ሜትር ገደማ ስትደርስ ብርሃኑ ስበቱን ይረታና ቅንጣቷ ከፀሐይ ሥርዓት ትባረራለች። ከዚያ በታች እጅግ ስታንስ ደግሞ የብርሃኑ ሞገድ ስለሚያልፋት እንደገና ትቀራለች።

ለሸራም ወሰኑ ይሰላል። ምድር ባለችበት ርቀት የፀሐይ ስበት ከእግራችን ሥር ካለው የመሬት ስበት በ1,650 እጥፍ ይደክማል። ስለዚህ በካሬ ሜትር 1.53 ግራም የሚመዝን መስታወት እዚያ ወደ ፀሐይ የሚሳበው በ0.93 ሚሊግራም ክብደት ነው፤ ብርሃኑ የሚገፋውም በትክክል ያንኑ ያህል ነው። ርቀት ሁለቱን እኩል ስለሚቀንሳቸው ይህ ወሰን በሜርኩሪም በጁፒተርም አይለወጥም። ስስ ፌስታል በካሬ ሜትር 19 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይል 43 ግራም፣ የኢካሮስ ሸራ ጨርቁ ብቻ 11 ግራም። ኢካሮስ ከነመሣሪያው ሲታሰብ በካሬ ሜትር 1.6 ኪሎ ነበር፤ ወሰኑን ለመድረስ አንድ ሺህ ጊዜ መቅለል ይቀረዋል።